የሄልሜት መነጋገሪያ ከመግዛትዎ በፊት፦ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። ስልኩ በሄልሜቱ ትራስና በጉንጭ መካከል ይሸጎጣል፤ ማዳመጫው ጆሮ ላይ፣ ማይክሮፎኑ ከንፈር አጠገብ ይውላል፤ ሁለቱም እጆች መሪ እንደያዙ ወሬው ይቀጥላል። ወጪ የለውም፣ መማርም አይፈልግም። እኔም ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ነዳሁ። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ስልኩ ሾልኮ ወጣ፤ ጉልበቴን ነክቶ አስፋልት ላይ አረፈ፤ የቀረውን ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ጨረሰ። ስልኩን ልቀልብ እጄን ከመሪው አንስቼ ስለነበር እኔም ከጎኑ ልተኛ ምንም አልቀረኝም።

መነጋገሪያ መፈለግ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት መሣሪያ በእጄ አልፏል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያወጣሁት ገንዘብ ባክኗል። ጥፋቱን በመሣሪያዎቹ ላይ አላላክክም፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «1,200 ሜትር»፣ «6 ሰው» የሚለውን እያነበብኩ የገዛሁት እኔ ነኝ። መጠየቅ የነበረብኝ ሞተር ላይ ሆኜ የማወራው ከማን ጋር እንደሆነ ነበር። ከስልክ ጋር ብቻ ነው? ከኋላዬ ከተፈናጠጠ ሰው ጋር ነው? ወይስ በሌላ ሞተር ከሚከተሉኝ ጓደኞቼ ጋር? ሳጥናቸው ቢመሳሰልም ለሦስቱ የሚሆነው ዕቃ ይለያያል።

ብቻውን ለሚነዳ

ብቻውን የሚነዳ ሰው ስልክ ማንሳት፣ የካርታውን መመሪያ መስማትና አልፎ አልፎ ሙዚቃ ወይም ሬዲዮ ማዳመጥ ከቻለ በቂው ነው። ለዚህ ኢንተርኮም፣ ማለትም ከሄልሜት ወደ ሄልሜት የሚያነጋግር መሣሪያ፣ አያስፈልገውም። ሆኖም ሻጩ «ነገ አብሮህ የሚነዳ ጓደኛ ብታገኝስ?» ስላለው ብቻ ለማይጠቀምበት ነገር ሦስት እጥፍ የሚከፍል ሰው ብዙ ነው።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ማዳመጫ ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ አለና። ሄልሜቱን ሲያጠልቁ ግን ትራሱ ይገፋዋል። ወይ ይወድቃል፣ ወይ ወደ ውስጥ ተጭኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጆሮ ያማል። ከወደቀ መቆም፣ ጓንት ማውለቅ፣ ሄልሜት ማውለቅ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጆሮን ደፍኖ ሙዚቃ ስለሚያፈስበት ከኋላ የሚመጣውን የጭነት መኪና ጥሩምባ መዋጡ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ሞተረኞች የሕጉንም ጉዳይ አትርሱ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2015 ጀምሮ ጆሮ ላይ ወይም ጆሮ ውስጥ የሚደረግ ማዳመጫን ለአሽከርካሪዎች ከልክላለች፤ ሄልሜቱ ውስጥ የተገጠመ ድምፅ ማጉያን ግን ክልከላው አይነካውም። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 27400 ደግሞ ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን ወይም የሚደፍን ማዳመጫ አይፈቅድም፤ እዚያ የሚነዱ አንዳንድ ሰዎች ድምፅ ማጉያውን በአንድ ጎን ብቻ የሚገጥሙት ለዚህ ነው። በአጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፈውንም ሞክሬዋለሁ። ለሩጫ ግሩም ነው፤ ከሄልሜት ሥር ግን ጉንጭን ይወጋል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል።

ስለዚህ ለብቸኛው ሞተረኛ የሚሻለው ሄልሜቱ ውስጥ የሚገጠመው፣ ሁለት ቀጫጭን ድምፅ ማጉያና አንድ ማይክሮፎን ያለው ቀላሉ የብሉቱዝ መሣሪያ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ውድና ርካሽ መሣሪያ የሚለያዩት በሙዚቃው ጥራት ሳይሆን በማይክሮፎኑ ነው። ሥራው በስልክ የሚመራ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል። እሱ ቁጥር ሲናገር ደንበኛው «ስድስት» ይሁን «ሰባት» አይለይም፤ «ስልሳ» እና «ሰባ»ም እንዲሁ። በብሉቱዝ ጥሪ የድሮው አሠራር ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ነው የሚለካው፤ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። የ«ሰ» ፉጨት በአብዛኛው የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። አዲሱ አሠራር መለኪያውን በእጥፍ ወደ 16,000 ስላሳደገው ስድስትና ሰባት ይለያያሉ። መሣሪያው ይህን መቻል አለመቻሉን ሳጥኑ ላይ ማንበብ አያሻም። ሱቁ በር ላይ ከስልክዎ ጋር አጣምረው ለጓደኛ ይደውሉና «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ስልሳ፣ ሰባ» ብለው ያንብቡለት፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ይድገሙት። ጓደኛዎ ሁለቴ «ምን አልክ?» ካለ ዕቃውን ይመልሱ።

ከዚያ ቀጥሎ ቁልፉን ይዩ። ወፍራም ጓንት አድርገው፣ ሳያዩ፣ በግራ እጅ ዳስሰው ድምፅ መጨመሪያውን ማግኘት አለብዎ። የሚሽከረከር ጎማ ያለው ከትናንሽ ቁልፎች በብዙ ይሻላል። በንግግር ማዘዝ የሚባለውን ብዙም አይቁጠሩት፤ እስካሁን በእጄ ያለፉት ሁሉ የሚሰሙት እንግሊዝኛ ነው፤ ያንንም ቢሆን ከነፋሱ ጋር ሲቀላቀል ይስቱታል። አንድ ጊዜ ድምፅ ቀንስ ብዬው ለቤቴ አከራይ ደወለልኝ።

ሬዲዮ መቀበያ ያለውን ግን እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ለሚሽከረከር ሰው ሸገር 102.1ን ያለ ኢንተርኔት ወጪ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። አንቴናው ትንሽ ስለሆነ ከከተማ ሲርቁ መሰንጠቁ አይቀርም።

ከኋላ ለሚፈናጠጥ ሰው

ባለቤቴ ከኋላዬ ስትፈናጠጥ ምልክት ነበረን። ትከሻዬን አንዴ ከመታች ቀስ በል፣ ሁለቴ ከመታች ቁም፣ ከቆነጠጠችኝ ደግሞ ስንደርስ እንነጋገራለን ማለት ነው። ኢንተርኮም ስንገዛ መጀመሪያ የሰማሁት ዐረፍተ ነገር «ቀስ ብለህ ንዳ ብዬህ ነበር፤ አልሰማሁም እንዳትል አሁን» የሚል ነበር።

በእንዲህ ያለ አጠቃቀም ሳጥኑ ላይ ያለው የርቀት ቁጥር ፋይዳ የለውም። በሁለታችሁ ጭንቅላት መካከል ያለው ክንድ የማይሞላ ርቀት ነው፤ 400 ሜትር የሚለውም 2 ኪሎ ሜትር የሚለውም እኩል ይሠራሉ። መጠየቅ ያለብዎ ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ መናገር ትችሉ እንደሆነ፣ እንደ መገናኛ ሬዲዮ ቁልፍ መጫን ያስፈልግ እንደሆነ፣ የካርታው መመሪያ ሲገባም ወሬው ተቋርጦ ይቀር ወይም በራሱ ይመለስ እንደሆነ ነው። ሁለቱን መሣሪያ በአንድ ሳጥን ተጣምረው ሲሸጡ መግዛት ከነጠላ ይረክሳል፤ የማጣመሩ ጣጣም ይቀራል። የካርዶ ፍሪኮም 2ኤክስ ወይም የሴና ኤስኤፍ2 ዓይነቶቹ ለሁለት ሰው የተሠሩ ናቸው። ከቻይና የሚመጡት ርካሾቹም እዚህ ቦታ ላይ ያን ያህል አያሳፍሩም። ለባልና ሚስት ሜሽ፣ ማለትም ከታች የምገልጸውን የቡድን መነጋገሪያ፣ መግዛት ለሁለት ሰው ድንኳን እንደ መከራየት ነው።

ሦስትና ከዚያ በላይ ለሚሆኑ

ምርጫው የሚከብደው፣ ገንዘቡም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ገበያው ላይ ሁለት አሠራር አለ። ተራው የብሉቱዝ ኢንተርኮም ሰዎችን እንደ ሰንሰለት አንዱን ከአንዱ ያያይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 ሰው። ሜሽ የሚባለው ደግሞ እንደ መረብ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በአቅራቢያው ካገኘው ሁሉ ጋር ይያያዛል፤ የአንዱን ድምፅም ለሌላው ያቀብላል።

ልዩነቱን የተማርኩት ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን ስንሄድ ሦስታችንም የብሉቱዝ ኢንተርኮም ገጥመን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ከፊት፣ እኔ መሐል፣ ሌላው ከኋላ። ፍቼን፣ ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሃ ጽዮን እስክንደርስ ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም ብዬ ነበር። የፊተኛው «ጉድጓድ በግራ» ሲል እኛ ገና ሳናየው ጥግ እንይዛለን። ከጎሃ ጽዮን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱን እንደጀመርን ዝንጀሮዎች የመንገዱ ግንብ ላይ ተደርድረው አየሁና ፎቶ ላነሳ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው አልፎኝ ሄደ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ሁለቱ ተኮራርፈው ቆመዋል። የኋለኛው በሃምሳ ሜትር ርቀት እየተከተለ «የኋላ ጎማህ አየር ጎድሎታል፣ ቁም!» እያለ ሲጮህ አንዲት ቃል አልደረሰችም። የፊተኛው ደግሞ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል ተብሎ ተከሷል። ሰንሰለቱ ላይ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የእኔ መሣሪያ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሦስት መጠምዘዣ ወደ ኋላ ቀርቼ ዝንጀሮ ፎቶ እያነሳሁ ነበር።

ሜሽ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በቀጥታ በተያያዙ፤ እኔም ስደርስባቸው ምንም ሳልነካ መልሼ በገባሁ። ሜሽ ዋጋውን የሚያወጣው ለዚህ ነው። የሰልፉ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥ፣ አንዱ ነዳጅ ሊቀዳ ቢቀር፣ የአንዱ ባትሪ ቢያልቅ የቀሩት ይቀጥላሉ። ተራራን ግን እሱም አይበሳም። ሁለቱም አሠራሮች የሚጠቀሙት 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ነው፤ ይህ ሞገድ በድንጋይና በአፈር ውስጥ አያልፍም። ወደ ደሴ ስንሄድ ጣርማ በር ዋሻ ጋ አንዳችን ገብተን ሌላችን ውጭ ስንሆን ድምፅ መቆራረጡ የታወቀ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ርቀት የተለካው በመሐል ምንም በሌለበት ገላጣ ሜዳ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግማሹን ካገኙ ደስ ይበልዎ።

«6 ሰው» የሚለውንም ቃል ለቃል አይውሰዱት። አንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ስድስት ሰው ይመዘግባሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላውን ለማናገር ቁልፍ ተጭኖ መቀየር ያስፈልጋል። ሻጩን «ስድስታችንም እኩል እንሰማማለን?» ብለው ይጠይቁት። የመጀመሪያው ገንዘቤ የባከነው ይህን ባለመጠየቄ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጓደኞችዎ የያዙትን ይወቁ። የካርዶ ሜሽ ከሴና ሜሽ ጋር አይነጋገርም። በተራው ብሉቱዝ በኩል ማገናኘት ይቻላል፤ ያኔ ግን አንዱ መሣሪያ ሌላውን እንደ ስልክ ቆጥሮ ስለሚቀበለው ብዙ ጊዜ የስልክ ቦታው ይያዛል፤ ድምፁም ወደ ጠባቡ የጥሪ ጥራት ይወርዳል። አራቱ ሴና የያዙበት ቡድን ውስጥ የሚገባ አምስተኛ ሰው ከሁሉ የበለጠውን ካርዶ ቢገዛ ብቻውን ነው የሚያወራው።

ካርዶ፣ ሴና ወይስ ርካሹ?

ካርዶ መነሻው እስራኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስካላ ራይደር በሚል ስም ለሞተረኞች ሄልሜት ብሉቱዝ አቀረበ፤ በ2015 ደግሞ ፓክቶክ በተባለው መሣሪያ ሜሽን ይዞ መጣ። ሴና የደቡብ ኮሪያ ነው። በሞተረኞች ዘንድ ስሙን የተከለው ኤስኤምኤች10 በተባለው መሣሪያ ሲሆን ብዙ ሰው ያንን አሮጌ ዕቃ እስከ ዛሬ ይዞታል።

ከላይኛው ደረጃ የካርዶ ፓክቶክ ኤጅ እና የሴና 50ኤስ ይነጻጸራሉ። ኤጅ እስከ 15 ሰው ያገናኛል፤ በሁለት ሞተር መካከል እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እስከ 13 ሰዓት ንግግር ይችላል፤ አካሉ በማግኔት ከመያዣው ጋር ይጣበቃል። ሴና 50ኤስ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይላል፤ በዝግ ቡድን እስከ 24 ሰው ይይዛል፤ ክፍት ሜሽ የሚባል ሁለተኛ አሠራርም አለው። በክፍቱ 9 መስመሮች አሉ። ሁሉም «መስመር 3 ላይ ሁኑ» ከተባለ ያለ ምንም ማጣመር ይሰማማሉ፤ የሰው ቁጥር ገደብም የለውም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ የተለያየ ሰው የሚመጣበት፣ መንገድ ላይ የተገናኘውም የሚቀላቀልበት ጉዞ ከሆነ የሴና ክፍት መስመር ከብዙ ጣጣ ያድናል። እነዚያው አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ሁልጊዜ አብረው የሚነዱ ከሆነ አንዴ አጣምሮ መርሳት ስለሚቻል ካርዶ ይመቻል። በክረምት የሚነዳ ሰውም ወደ ካርዶ ቢያደላ አልፈርድበትም፤ ኤጅና የፍሪኮም ኤክስ መሣሪያዎቹ በይፋ አይፒ67 የሚል ደረጃ አላቸው። 6ቱ አቧራ አያስገባም፣ 7ቱ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ይችላል ማለት ነው። የሐምሌን ዶፍ ለሚያውቅ ይህ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ብቻ ለሚሆኑና ሰልፋቸውን ለማይቀያይሩ የካርዶ ፍሪኮም 4ኤክስ ወይም የሴና ኤስኤፍ4 ይበቃል፤ እስከ 4 ሰው ነው፤ ርቀታቸውም በሁለቱም 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ተብሎ ይጻፋል።

ካርዶ የጄቢኤል ድምፅ ማጉያ አለኝ ሲል ሴና ደግሞ የሃርማን ካርደን ይላል፤ ሞተረኞችም በዚህ ይከራከራሉ። ሁለቱም ስሞች ያው የሃርማን ኩባንያ ናቸው፤ ሃርማንን ደግሞ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅልሎ ገዝቶታል። ክርክሩ የአንድ ቤት ልጆችን ማፋጀት ነው።

ርካሾቹ፣ እንደ ፍሪድኮን፣ ኢጄስና ሌክሲን ያሉት፣ በውጭ ገበያ ከ40 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ሲሆኑ የላይኞቹ ከ300 ዶላር በላይ ናቸው። ለብቸኛ ሞተረኛና ለተፈናጣጭ ርካሹን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለቡድን ግን ተራ ነገር ሆኖ የሚታየው ችግር ይከማቻል፤ አንዱ ሲቋረጥ ለመመለስ ቁልፍ መጫን፣ ሦስተኛው ሰው ሲገባ የመጀመሪያው መውጣት፣ ጠዋት ላይ ሁሉም ሞተር አስነስቶ አንዱ የማጣመሪያውን ወረቀት ሲያነብ መጠበቅ። ሄልሜቱ ራሱ ከመንገድ ዳር የተገዛ ስስ ከሆነ ደግሞ 300 ዶላሩን መጀመሪያ ለሄልሜት ያድርጉት።

ድምፁ አነሰብኝ ለሚል ሁሉ

መሣሪያቸውን ሊለውጡ ወስነው ከሚያማክሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው የመሣሪያ አይደለም። ድምፅ ማጉያው ከጆሮ ቀዳዳ ትይዩ አልተቀመጠም። ማጉያዎቹ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስፋት ያላቸው ክቦች ናቸው፤ ከጆሮ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ወይም ወደ ኋላ ካሉ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ይመስላል፤ ወፍራሙ ድምፅ ፈጽሞ ይጠፋል። አምራቹ ሄልሜቱ ውስጥ የሠራው ጎድጓዳ ቦታ ለሁሉም ጆሮ ልክ አይሆንም፤ የእኔ ጆሮ ከዚያ ጎድጓዳ ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

ያስተካከልኩት በባለቤቴ ሊፒስቲክ ነው። በጆሮዬ ቀዳዳ ዙሪያ ባለው ልሙጥ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀባሁና ሄልሜቱን ከላይ በጥንቃቄ አጥልቄ፣ ጎኖቹን ለሁለት ደቂቃ ጫን አድርጌ አወለቅሁት። ትራሱ ውስጠኛ ጨርቅ ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ ቀረ። ተለጣፊውን ጨርቅ እዚያው ላይ አኖርሁ፤ ማጉያው ከጆሮ እንዲጠጋም ከሥሩ አንድ ቀጭን ስፖንጅ ደረብሁ። የጣልሁት መስሎኝ የነበረው መሣሪያ እንደ አዲስ ሆነ። ሊፒስቲኩን መተካት ግን ከመሣሪያው እኩል አከራከረን።

ማይክሮፎኑም እንዲሁ ነው። ፊት ሙሉ በሙሉ ለሚሸፍን ሄልሜት በሽቦ የሚንጠለጠለው ትንሽ ክብ ማይክሮፎን አገጭ መከላከያው ውስጥ ይለጠፋል፤ ፊቱ ክፍት ለሆነው ወይም አገጩ ለሚነሳው ደግሞ እንደ ቀንበጥ የሚታጠፈው ረጅሙ ይሻላል። አብዛኞቹ ጥሩ መሣሪያዎች ሁለቱንም በሳጥን ይሰጣሉ፤ ርካሾቹ አንዱን ብቻ። ሳጥኑ ሳይከፈት አይክፈሉ። ማይክሮፎኑን የሚሸፍነው ስፖንጅ ከጠፋ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

ሌላው ነገር የጆሮ ጤና ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ በብዙ ልኬቶች ከ90 ዲሲብል በላይ ነው፤ ሞተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቢሆንም ያው ነው፤ የሚጮኸው ነፋሱ ነውና። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ 85 ዲሲብልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲብሉ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በዚህ ላይ ሙዚቃውን ከነፋሱ በላይ ለማስጮህ የሚሞክር ሰው ጆሮውን እያቃጠለ ነው። የሚገርመው መፍትሔው ጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ የነፋሱን ጩኸት ይቀንሳል፤ የድምፅ ማጉያው ንግግር ከዚያ በኋላ ጥርት ብሎ ይሰማል። ረጅም መንገድ ስወጣ ሁልጊዜ እጠቀማለሁ፤ ከተማ ውስጥ ግን ጥሩምባ መስማት ስላለብኝ አውልቀዋለሁ።

መያዣ፣ ባትሪና የቀረው

መያዣው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሄልሜቱን ጠርዝ እንደ መቆንጠጫ የሚይዝና በማጣበቂያ የሚለጠፍ። ቆንጣጩ ወደ ሌላ ሄልሜት ይዛወራል፤ የተለጠፈው አይዛወርም። አንዳንድ ሄልሜት ጠርዙ ወፍራም ስለሆነ ቆንጣጩ አይገባም፤ ሄልሜትዎን ይዘው ይሂዱ። ለመግጠም ብለው ውስጡን ነጭ አረፋ በቢላ የሚጠርቡ አሉ። ያ አረፋ ነው በአደጋ ጊዜ ጭንቅላትን የሚያድነው፤ አይንኩት።

መነጋገሪያው አብሮ ተሠርቶ የሚመጣ ሄልሜትም አለ። ያምራል፤ ከውጭ የሚታይ ነገርም የለውም። እኔ ግን አልገዛውም። አምራቾች ሄልሜትን በአምስት ዓመት አካባቢ ለውጡ ይላሉ፤ አንድ ጊዜ ከወደቀም ወዲያው። ባትሪ በበኩሉ የራሱ ዕድሜ አለው። አንዱ ሲሞት ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የሚያስልኩ ከሆነ ዋስትናው በተገዛበት አገር ብቻ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። መሣሪያው ሊቲየም ባትሪ ስላለው ዘመድዎ በእጅ ሻንጣው ይያዘው።

ያገለገለ ሲገዙ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይስጡኝ ይበሉና ሙዚቃ ከፍተው ሻይ ቡና እየተባለ አንድ ሰዓት ያቆዩት። በአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ባትሪያቸው በቀላሉ አይቀየርም። ከድሮው ባለቤት ስልክ እንዲላቀቅ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ያስመልሱት፤ አለበለዚያ ሰውየው ከጎንዎ ባለፈ ቁጥር የእሱ ጥሪ በእርስዎ ጆሮ ይገባል። መያዣውና የድምፅ ማጉያው ሽቦ አብረው መኖራቸውንም ያረጋግጡ። ሁለተኛው የባከነው ገንዘቤ ያለ መያዣ የተገዛ፣ እስከ ዛሬ ከመሳቢያዬ ያልወጣ ፓክቶክ ነው።